ጉርሻ የከለከሉን ሰው

የጋሽ ሀብቴን ሞት የሰማሁት ጅቡቲ፣ ፒኬ 12 በሚባለው የከባድ መኪና ማቆሚያ፣ መኪናዬ ስር ተጋድሜ ነው። ስልኬ ሲጠራ ግሪስ በጠገበ እጄ አነሳሁት። እህታቸው እትዬ ሙሉ ነበሩ። «ወንድሜ አረፈ። ቀብሩ ነገ ነው፤ ሳትጭን ድረስ» አሉኝና ዘጉት። እትዬ ሙሉ እንደ ወንድማቸው ቃል አያባክኑም።

ከመኪናው ስር ቶሎ አልወጣሁም። ጅቡቲ ላይ ማልቀስ እንኳ አያሳፍርም፤ ሙቀቱ የሁሉንም ሰው ፊት ስለሚያረጥበው ማንም ለይቶ አያይህም። ያም ሆኖ እዚያው ተጋድሜ ጨረስኩት።

እኔ በመንገድ ያደግሁ ሰው ነኝ። ከሞጆ እስከ ጋላፊ ያላበላኝ፣ ያላጠጣኝ የለም። ጋሽ ሀብቴ ግን አንድ ቀን እንኳ አላጎረሱኝም። እንዲያውም የመጀመሪያ ቀን ሌላ ሰው ሊያጎርሰኝ ሲል ጉርሻውን ከከንፈሬ ላይ ያስመለሱ ሰው ናቸው። ካበሉኝ ሁሉ በላይ ውለታ የዋሉልኝ ግን እሳቸው ናቸው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመናገር በሐሳብ ወደ ጅቡቲው እስር ቤት መመለስ ሊኖርብኝ ነው። አልወደውም፤ ግን ያወቅኋቸው እዚያ ነው።

አሮጌው የጅቡቲ ባቡር እያነከሰም ቢሆን ገና ይሄድ በነበረበት ዘመን ነው። ከወደብ ብረት ጭኜ ስወጣ አንድ መንገደኛ መኪናዬ ስር ገባብኝና ሞተ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ዛሬም ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። የዚህን መስመር ወግ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል፤ የሟች ሽማግሌዎችና የመኪናው ባለቤት ይነጋገራሉ፣ ሾፌሩ ታስሮ ይጠብቃል። እኔም ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት እስኪቀረኝ ጠበቅሁ።

ያስገቡኝ ክፍል በብዛት የኛ ሰዎች የሚታሰሩበት፣ ረጅም፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አንድ በርና አንድ አምፖል ያለው ነበር። አምፖሉ የተሰቀለው ከበሩ በላይ ነው። ብርሃኑ እስከ መሃል ይደርስና ይደክማል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጥግ እስረኛው «ጓዳ» ይለዋል። በአንሶላ ተጋርዷል። እዚያ የሚተኙት የቆዩና ከውጭ ስንቅ የሚገባላቸው ናቸው።

የደረስኩት በምሳ ሰዓት ነበር። ደርቤ የሚባል ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ፈገግታ የማይጠፋው ኮንትሮባንዲስት ሰው ሰብስቦ ይበላል። እንዳየኝ «ና ወንድሜ፣ እዚህም አገርህ ነው» አለና ዓሣውን በቂጣ ጠቅልሎ ዘረጋልኝ። በፖሊስ ጣቢያ ደረቅ ዳቦ ስቆረጥም ሰንብቼ ነበርና እናቴን ያየሁ ያህል ደስ አለኝ። አፌን ከፈትኩ።

«ከመጉረስህ በፊት ጠይቀው» አለ ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ፣ ሳይጮህ። «በምላሹ ምን ትፈልጋለህ በለው።»

ዞር ስል አንድ ቀጭን ሽበታም ሰው አምፖሉ ስር እግራቸውን አጣጥፈው የተበጠሰ ሰንደል ይሰፋሉ። ቀና ብለውም አላዩኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ፍሬኑ ጀመሩ!» አለ አንዱ። ደርቤም ከሁሉ በላይ ሳቀ፤ እጁ ግን ወረደ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል ስሰማ ነው ያደግሁት፤ ሳይጎረስ የሚያጣላ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ሽማግሌው የወህኒ ቤቱን ሩዝ በሳህን አቅርበውልኝ «በራስህ እጅ ብላ» አሉኝ። መኝታዬንም ከጎናቸው፣ እዚያው አምፖሉ ስር፣ ዝንብና ትንኝ በሚሰበሰብበት ቦታ አደረጉት። እንዴት ያለ ቀናተኛ ሽማግሌ ላይ ነው የጣለኝ ብዬ አማረርኩ።

ጋሽ ሀብቴ የጅቡቲ ተወላጅ ናቸው። አባታቸው ከባቡሩ ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። እሳቸውም ዕድሜያቸውን የጨረሱት በባቡሩ ላይ፣ ፍሬን ያዥ ሆነው ነው። በጭነት ባቡር የመጨረሻው ፉርጎ ላይ ተቀምጠው ቁልቁለት ሲመጣ ፍሬኑን የሚያጠብቁ እሳቸው ነበሩ። እስረኛው «ፍሬኑ» ያላቸው በዚህ ብቻ አይደለም፤ ደስታ በተጀመረ ቁጥር ስለሚይዙትም ጭምር ነው። በአማርኛ ይመክራሉ፣ በሶማልኛ ይቀልዳሉ፣ ሲናደዱ ግን በፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳይኛቸው ሲሰማ ሁላችንም እግራችንን እንሰበስባለን።

የታሰሩትም በጉርሻ ነው፤ ራሳቸው እንዲህ ነበር የሚሉት። አንድ ነጋዴ ድሬዳዋ ላይ በመጡ በሄዱ ቁጥር ጠርቶ ይጋብዛቸዋል። ያጎርሳቸዋል። አንድ ቀን «ይቺን ጆንያ ጅቡቲ አድርስልኝ» አላቸው። ምን እንዳለበት መጠየቅ አፈሩ። ጆንያው በፍተሻ ሲከፈት ነጋዴው አልነበረም፣ እሳቸው ነበሩ። «የበላሁት እንዳልጠይቅ አፌን ዘጋው» ይሉ ነበር።

በዕድሜም በመከበርም የክፍሉ ካቦ እሳቸው ነበሩና ሕግ አወጡ። አምፖሉ አይጠፋም። አዲስ የገባ ሰው በሩ አጠገብ ይተኛል፤ ያቺን «በምላሹ ምን ትፈልጋለህ» የምትል ጥያቄም ይማራል። ወደ መታጠቢያው ማንም ብቻውን አይሄድም። ጉርሻ ክልክል ነው፤ የሚያካፍል በሳህን ያካፍል። ሐበሻን ሰብስቦ ጉርሻ መከልከል ምን ማለት እንደሆነ አስቡት! ለፋሲካ ዶሮ የገባለት አንድ ጎልማሳ «ጋሽ ሀብቴ፣ ዛሬ እንኳ፣ ጌታ ተነሥቷል» ብሎ ለመናቸው። «ተነሥቷል» አሉት፣ «ዶሮው ግን በሳህን ነው።»

ምክንያቱን የነገሩኝ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ከሰዓት ማለት እዚያ አገር ጫቱ ከገባ በኋላ ማለት ነው። ጠባቂዎቹ ጥላ ይዘው ይቅማሉ፣ ግቢው ባለቤት ያጣል። ጋሽ ሀብቴ ግን ያኔ ነው የሚነቁት።

«ያጎረሰህ ሰው ሲመሽ አንሶላ ያውስሃል» አሉኝ። «አንሶላ ያዋሰህ ጓዳ ግባ፣ እዚያ ይነፍሳል ይልሃል። ከገባህ በኋላ እምቢ ብትል ስትበላ የት ነበርክ ትባላለህ። ክፍሉም ይፈርድብሃል። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ የጓዳውን በር መዝጋት አልችልም። የመጀመሪያውን በር ግን እችላለሁ።»

ያኔ ገባኝ። ገብቶኝም ደነገጥኩ። ፊቴን አይተው ስለ ባቡሩ ያጫውቱኝ ጀመር። የጭነት ባቡር ሲሄድ የመጨረሻው ፉርጎ ላይ ቀይ ፋኖስ ይሰቀላል። ጣቢያ ላይ የቆመው ሰው ባቡሩ ሲያልፍ ፊቱን አያይም፤ የኋላውን ፋኖስ ነው የሚጠብቀው። ፋኖሱን ካየ ባቡሩ ሙሉ ነው። ካላየ የሆነ ፉርጎ መንገድ ላይ ተቆርጦ ቀርቷል ማለት ነው። «እዚህም የመጨረሻው ሰው ነው መብራት ስር የሚተኛው» አሉኝ። ጉልበተኛው ጨለማ ቢፈልግ አይደንቅም፤ ደካማውን ግን ጨለማ ውስጥ አላስተኛም ነበር የሚሉት።

ስለዚህ ነገር በዚያ ግቢ ማን ምን ያስብ እንደነበር ብናገር አይከፋም፤ ዛሬም ውጭ ያለው ሰው የሚያስበው ከዚያ አይርቅምና። በመጀመሪያ ስሙን የሚጠራ አልነበረም። «ነገሩ» ይባላል። የኛ ሰዎች ነገሩን ያመጡት የባሕር ማዶ መርከበኞች ናቸው ይላሉ። የአገሬው እስረኞች ሐበሾች ናቸው ያመጡት ይላሉ። የጠባቂዎቹ አለቃ አጁዳን ሁሴን ደግሞ በሙስሊም አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም ብሎ ይምላል። አጁዳን ሁሴን ክፉ ሰው አልነበረም። እስረኛ አይመታም፣ ለታመመ ውኃ ራሱ ይዞ ይመጣል። ይህን አንድ ነገር ግን ማየት አልፈለገም፤ ካየ ሥራ ነው፣ ሥራውም አሳፋሪ ነው። የተደፈረውን ሰውማ አለማንሳት ይሻላል። ወንድ ከሆነ ለምን አልታገለም ይባላል። የሴት ስም ይወጣለታል። ውኃ ሊቀዳ ሲነሳ ይፏጭበታል።

ጋሽ ሀብቴ ብቻ በስሙ ይጠሩታል። «መድፈር ነው ስሙ» ይሉ ነበር። «ሌባን ሌባ ካላልከው በር ለምን ትቆልፋለህ?»

አንድ ቀን ወባ ጣላቸው። ደግፌ ወደ ክሊኒኩ ያደረስኳቸው እኔ ስለነበርኩ ነርሱ እንዳስታምማቸው እዚያው አቆየኝ። ትኩሳቱ እስኪለቃቸው ወደ ክፍሉ አልተመለስንም። በቅዠታቸው ውስጥ እንኳ «ፋኖሱ፣ ፋኖሱ» ይሉ ነበር።

ስንመለስ አምፖሉ ተፈትቶ ጠፍቷል። እኛ በሌለንበት አንድ አዲስ ሰው ገብቷል፤ ሽመልስ ይባላል። ከወሎ ተነስቶ ወደ የመን ለመሻገር ጀልባ ሲጠብቅ የተያዘ፣ ዕድሜው ከሃያ ብዙ ያልዘለለ ጎበዝ ነው። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ተቀምጧል። ሩዙ ከፊቱ እንደተቀመጠ ደርቋል። የሚያውቀው ሰው የለም፣ ቋንቋ አያውቅም፣ የሚጠይቀው ዘመድ የለውም። ደርቤ ከጓዳ ሆኖ እየሳቀ ካርታ ይጫወታል። ማንም ማንንም አያይም።

ጋሽ ሀብቴ ለመጠየቅ አልቸኮሉም። አምፖሉን ፈልገው መለሱት። ከዚያ ወደ ሽመልስ ሄደው ከእሱ ትንሽ ራቅ ብለው ተቀመጡ። እጃቸውን አላነሱም፣ ትከሻውን አልነኩትም። «አበላህ?» ብቻ አሉት። ልጁ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ደርቤ ደፍሮት ነበር። ክፍሉ ሰምቷል። የሰማው ሁሉ ተኝቼ ነበር አለ።

ሰዎች ጋሽ ሀብቴን ከበቡ። ሰውየው በልቷል፣ ጓዳም በእግሩ ነው የሄደው አሉ። ነገሩ ከዚህ ግቢ ከወጣ የሐበሻ ስም ይጠፋል አሉ። ለበዓል የሚሰጠው ምሕረት ደርሷል፤ የእርስዎ ስም አለበት፣ አሁን ነገር ቢያነሱ ይቀርብዎታል አሉ። ይህ እውነት ነበር፤ አጁዳን ሁሴን ራሱ ሻንጣዎን ያዘጋጁ ብሏቸው ነበር። አንዱ በመጨረሻ «ዝም አይነቅዝም፣ ጋሽ ሀብቴ» አለ።

«ዝምታ ለበግም አልበጃት» አሉ እሳቸው። «አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት።»

በማግስቱ ግን ቀጥታ ወደ ቢሮ አልሄዱም። መጀመሪያ ሽመልስን አስፈቀዱት። ይህን ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። እኔ ብሆን በንዴቴ ሮጬ እጮህ ነበር፤ መልካም የሠራሁም ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን «ልናገር ወይስ ልተው? ያንተ ነው» አሉት። ሽመልስ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ተሰማ። እንዲናገሩ ፈቀደ። አንድ ነገር ለመነ፤ ስሜን አይጥሩ፣ አገሬ ከተሰማ አባቴ ይሞታል አለ። ጋሽ ሀብቴ ማሉለት።

ከወባው ገና ስላልተነሱ ቢሮ ድረስ የተደገፉት በእኔ ትከሻ ነው። ስለዚህ የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ። የወህኒ ቤቱ ዋና ኃላፊ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ አጁዳን ሁሴን ከበሩ አጠገብ ነበሩ። ጋሽ ሀብቴ በፈረንሳይኛ፣ ቆመው፣ ሰው ተደፍሯል፣ ያደረገውም ደርቤ ነው አሉ። ኃላፊው ማን እንደተደፈረ ጠየቀ። አልናገርም አሉ። ኃላፊው ፈገግ አለ። የተበደለ ከሌለ በደል የለም፣ ስም ሳይኖር ምን ልጽፍ ነው አለ። አጁዳኑም ከኋላ በሶማልኛ፣ በልመና ዓይነት፣ «አባት፣ ምሕረቱ ይለፍ፣ ይውጡና ይረፉ» አላቸው።

ጋሽ ሀብቴ ትከሻዬን ለቀቁና ብቻቸውን ቆሙ።

«እንግዲያውስ የእኔን ስም ጻፉ» አሉ። «የተደፈርኩት እኔ ነኝ።»

የወደብ ፈረንሳይኛ ብቻ ነው ያለኝ፤ ያን ግን ሰማሁ፣ ገባኝም። አጁዳን ሁሴን ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ ያን ጊዜ ሁሉ ክሊኒክ እንደነበሩ ውኃ ያመላለሰልን እሱ ነውና። «አይደለም» ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ኃላፊው ዞር ብሎ አየው። አጁዳን ሁሴን ላቡን ጠረገና፣ በአገሩ የለም ብሎ የማለው ሰውዬ፣ «ሽማግሌው ሐሰት አይናገሩም፣ አለቃ» አለ።

ውሸት ነው ወይ? ነው። ጋሽ ሀብቴ ውሸት የሚጠሉ ሰው ነበሩ። ለንስሐ አባታቸው ምን ብለው እንደተናዘዙ አላውቅም፤ እኔ ካህን ብሆን ግን ምን ቅጣት እንደምሰጣቸው ይቸግረኝ ነበር።

ደርቤን ያን ዕለት ከኛ ክፍል አወጥተው ለብቻው አሰሩት። ሲሄድ «ሽማግሌው አብደዋል» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ከዚያ በኋላ አጁዳን ሁሴን የጓዳውን አንሶላ አስወረደ። ሁለተኛ አምፖል አሰቀለ። አዲስ እስረኛ በየክፍሉ በር አጠገብ እንዲተኛ አዘዘ። ከሰዓት በኋላ ጫቱን ይዞ ራሱ ከክፍላችን ፊት ለፊት ይቀመጥ ጀመር። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ለሙቀቱ ነው» ይላል። ሁለተኛ አምፖል ሙቀት ሲቀንስ ያየሁት በሕይወቴ ያኔ ብቻ ነው። ጋሽ ሀብቴ ግን እንዳንስቅበት ከለከሉን። «ሰው በፈለገው በር ይግባ፣ ብቻ ይግባ» አሉ።

ምሕረቱ አለፋቸው። ክስ የተከፈተበት ሰው አይፈታም ተባለ። ክሱ ማስረጃ አጥቶ እስኪዘጋ ድረስ ሌላ ሙሉ ሐምሲን፣ ያን አሸዋ የሚያነድ ነፋስ፣ እዚያው ቆርቆሮ ስር አሳለፉ። እኔ ቀድሜያቸው ወጣሁ። ሽመልስም ወጣ።

እሳቸው ሲወጡ ወሬው ቀድሟቸው ወጥቷል። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ከእስር ቤት በር እስከ ሰፈራቸው እስከ ካርቲየ 7 ቢስ ድረስ ያልሰማ ሐበሻ አልነበረም። የማኅበራቸው ሰዎች እንኳን ደህና ወጡ ብለው ጠሯቸው። እኔም ነበርኩ። ማዕድ ቀርቦ ከበብን። የማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ በየነ ማዕከላዊ ገበያ እህል የሚሸጡ፣ ከጋሽ ሀብቴ ጋር አብረው ያደጉ ሰው ናቸው። ጋሽ ሀብቴ እጃቸውን ታጥበው ሲቀመጡ፣ አቶ በየነ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ተነሱና ወደ ሌላኛው ማዕድ ሄዱ። ተከትለዋቸው ሌሎችም ተነሱ። እኔና ጋሽ ሀብቴ ያን ትልቅ ማዕድ ለሁለት በላነው። ተነስቼ ልናገር ስል ጉልበቴን ያዙኝ።

«ተቀመጥ» አሉኝ በለሆሳስ። «እኔ አይደለሁም ካልኩ፣ ታዲያ ማን ነው ይሉኛል።»

ከዚያ በኋላ ወደ ማኅበሩ አልተመለሱም። ከእህታቸው ቤት በር ላይ ተቀምጠው ሰንደል ይሰፋሉ። ባቡሩም ቆመ፤ የሚያወሩት ባልደረባ እንኳ አጡ። እትዬ ሙሉ በገበያ አንገታቸውን ደፍተው ይሄዱ ነበር፤ ወንድማቸው ለእሳቸውም አልነገሯቸውም። ከእስር ከወጣን በኋላ ግን ጉርሻው ተፈቅዶ ነበር። ለገና፣ ለፋሲካ ጅቡቲ ከደረስኩ እሳቸው ቤት እሄዳለሁ። ሽመልስም ይመጣል። የመንን ትቶ አምቡሊ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲህ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኗል። የኋላ መብራቱ ያልበራ መኪና ከጋራዡ አያስወጣም፤ ሾፌሮች እንደ እብድ ያዩታል። ጋሽ ሀብቴ ለእኔ ጠቅልለው «ይኸኛው የውጭ ጉርሻ ነው፣ ግባ በለው» ብለው ያጎርሱኛል። ለእሱም ይጠቀልላሉ። እሱ ግን አፉን አይከፍትም። መዳፉን ይዘረጋል፣ እዚያ ያኖሩለታል፣ በራሱ እጅ ይበላል። ከዚያ ክፍል ወዲህ ከማንም ጎርሶ አያውቅም፤ ከሚስቱም፣ በሠርጉ ቀን እንኳ። ጋሽ ሀብቴ አንድም ቀን አልተቆጡትም፣ አንድም ቀን መጠቅለላቸውን አልተዉም።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ነው በማግስቱ ሳልጭን ወደ ቀብሩ የሄድኩት። የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን በካርቲየ 7 ቢስ በተተከለው ድንኳን ተቀመጥን። ምግብ ቀረበ። እንደ ወጉ አቶ በየነ ስለ ሟች ሊናገሩ ተነሱ። አርጅተዋል፤ በከዘራ ነው የቆሙት። የባቡሩን ዘመን አነሱ፣ ታማኝነታቸውን አነሱ፣ ደህና ሄዱ። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በእስር ቤት የደረሰባቸውንም ነገር እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው» አሉ። ሰውም «አሜን» አለ።

ይቅር ይበላቸው! የተበደለ ሰው ምን አጥፍቶ ነው ይቅር የሚባለው? እጄ ላይ የያዝኩትን እንጀራ ወደ ማዕዱ መለስኩ። ማሐላው የእኔ ባይሆንም እንደራሴ ስጠብቀው ኖሬያለሁና ምላሴን ነከስኩ። ያን ጊዜ ሽመልስ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ተነሳ።

«አባቴ፣ ያ ነገር የደረሰው በእኔ ላይ ነው» አለ። «እሳቸው ላይ አልደረሰም። ስሜን እንዳይጠሩ ለምኛቸው የራሳቸውን ስም ሰጡ። ሲሞቱ ይዘውት እንዲሄዱ አልፈልግም።»

እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡ። ስንት ዓመት ያጎነበሱትን አንገት ቀና አድርገው ሽመልስን ተመለከቱት፤ ከዚያ ድምፅ አውጥተው፣ ለወንድማቸው እንደገና፣ እንደ አዲስ ሞት አለቀሱ። ሽመልስ አልተቀመጠም። ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔ የጠበቅሁት ሰው አንድ በአንድ ተነስቶ ወደ ሌላ ማዕድ ሲሄድ ነው።

አቶ በየነ ከዘራቸውን ወንበር ላይ አስደገፉ። ከፊታቸው ካለው ማዕድ ቆረሱ፣ ጠቀለሉ። ያን ጉርሻ ይዘው ያለ ከዘራ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ቀስ እያሉ ሽመልስ ጋ ደረሱ። እጃቸውን ወደ አፉ ዘረጉ። እሱ እኮ አይጎርስም ልላቸው አሰብኩና ተውኩት።

ሽመልስ እጃቸውን አየ። መዳፉን አልዘረጋም።

«በምላሹ ምን ይፈልጋሉ?» አላቸው።

ድንኳኑ አጉረመረመ፤ ለሽማግሌ እንዲህ ይባላል ወይ ነው ነገሩ። ጥያቄው የማን እንደሆነ የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን። አቶ በየነ ግን አልተቀየሙም። ዕድሜ ልካቸውን ነጋዴ ናቸው፤ ምላሽ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። እጃቸውንም አላወረዱም።

«ምንም፣ ልጄ» አሉ። «እጄን ብቻ አትመልሰው።»

ሽመልስ አፉን ከፈተ። አንድ ጉርሻ ያጣላልና፣ ሁለተኛውን እኔ ጠቀለልኩ።